ጠያቂ ያጣ ልብ

የንስሐ አባት ሥራው መስማት ነው፤ የሰማውን ደግሞ ይዞት ይቀበራል እንጂ ለሚስቱም ለወንድሙም አያወራም። ስለዚህ በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የማንም ኑዛዜ የለም። የምጽፈው በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን የሚውል፣ በየቤቱ ጸበል ይዞ የሚዞር፣ በለቅሶና በሠርግ ቤት የሚቀመጥ ካህን ሁሉ የሚያየውን ነው።

“እገሌ እምነቱን ተወ” ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ወጣት መጻሕፍት አገላብጦ፣ ተከራክሮ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ “እግዚአብሔር የለም” ብሎ ሲወጣ ነው። እንዲህ ያለው አለ፤ ግን ጥቂት ነው። ዘወትር የማየው ሌላውን ነው። ማንም አልተከራከረውም፤ ማንም አላስካደውም። ጸሎተ ሃይማኖትን ዛሬም በቃሉ ይወጣዋል፤ ማዕተቡም አንገቱ ላይ ነው። ነገር ግን ከልቡ ከጸለየ ዓመታት አልፈውታል፤ “እንዴት ነህ ከጸሎት ጋር?” ብሎ የጠየቀውም ሰው የለም። በዚህ አገልግሎት ስቆይ የተረዳሁት ይህን ነው፦ በክርክር ከሚጠፋው እምነት ይልቅ ጠያቂ በማጣት የሚጠፋው ይበዛል።

አወራረዱ ተራ አለው። መጀመሪያ የሚቀረው ማንም የማያየው የቤት ጸሎት ነው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለው በየቀኑ የዕለቱን እንድናደርስ ነው። ሰውየው የሰኞውን ሥራ በዝቶበት ያልፈዋል፤ ማክሰኞ “ነገ አብሬ አደርሰዋለሁ” ይላል፤ ረቡዕ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይወርድም። ሚስቱ አላወቀችም፤ ጎረቤቱም አላወቀም። ቀጥሎ የሚቀረው ሰዓት ነው። ለኪዳን ይደርስ የነበረው በቅዳሴው መካከል መምጣት ይጀምራል፤ ከዚያ ወንጌል ከተነበበ በኋላ፤ ከዚያ ለስብከቱ ብቻ፤ በመጨረሻ ከመኪናው ሳይወርድ ደጁን በሩቁ ተሳልሞ ያልፋል። ሦስተኛው የንስሐ አባቱ ነው። ስልክ አያነሳም ማለቴ አይደለም። ያነሳል፣ በአክብሮት ይናገራል፣ ለበዓል ቤቱ ይጠራል፣ ጠላውም ዳቦውም ይቀርባል። ንስሐ የሚባል ነገር ግን በመካከላቸው አይነሳም።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጾም ነው፤ ምክንያቱም ጾምን የሚጠብቀው ማጀት ነው። ረቡዕና ዓርብ በቤቱ የፍስክ ወጥ አይሠራም፤ ምግብ ቤቱም በያይነቱ ያቀርባል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል። 55ቱን ቀን ከሰፈሩ ሰው ጋር አብሮ የጾመ ሰው፣ በእነዚያ ቀናት አንዲት ስግደት ባይሰግድም፣ ከተጣላው ሰው ጋር ባይታረቅም፣ እምነቱ ባለበት ያለ ይመስለዋል።

ልማድን ማቃለሌ አይደለም። ይህች ቤተ ክርስቲያን ክፉ ዘመናትን የተሻገረችው ሊቃውንቷ ስላስተማሩ ብቻ ሳይሆን፣ እናቶች በየማጀቱ ጾሙንና በዓሉን ስላልጣሉ ጭምር ነው። ልማዱ ግን የሚሸፍነውም ነገር አለ። እግር መምጣቱን ሳያቋርጥ ልብ ብቻውን ሊሄድ ይችላል፤ እግሩን ያየ ሁሉ ደግሞ “ደኅና ነው” ብሎ ያልፈዋል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 ስንፍና ጣሪያን እንደሚያዘብጥ ይናገራል። በሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ተርጓሚ አያሻውም። አንድ ክረምት ሳይጠገን ያለፈ ክዳን አይወድቅም፤ በሁለተኛውም ከውጭ ለሚያየው ቤቱ ቤት ነው። ውስጥ የሚያድረው ግን መደቡን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያዛወረ ነው።

የዕብራውያን መልእክት የተጻፈላቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ችግር ነበረባቸው። ምዕራፍ 10 ላይ እንደምናነበው፣ ቀድሞ በአደባባይ ተነቅፈዋል፣ ንብረታቸው ሲዘረፍ በደስታ ችለዋል፣ ከታሰሩት ጋር መከራ ተቀብለዋል። ስደት ያላሸነፋቸው ሰዎች ነበሩ። ቅዱስ ጳውሎስ የሰጋላቸው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ አንዳንዶቹ መሰብሰቡን እንደ ልማድ መተው ጀምረው ነበርና። በምዕራፍ 3 ከግብፅ የወጣውን ትውልድ ያነሳባቸዋል። ያ ትውልድ ባሕር ተከፍሎለት ተሻግሯል፣ መና በልቷል፣ ከዓለት ውኃ ጠጥቷል። ምድሪቱን 40 ቀን ከሰለሉት 12 ሰዎች አሥሩ ሲያስፈሩት ግን ወደ ግብፅ ልመለስ አለ፤ 40 ዓመትም በምድረ በዳ ቀረ። ሐዋርያው ለዚህ በሽታ ያዘዘው መድኃኒት አዲስ ትምህርት አልነበረም። እርስ በርሳቸው እንዲመካከሩ፣ ያውም በየቀኑ እንዲመካከሩ ነገራቸው። በየበዓሉ አላለም፤ በየዓመቱ ንግሥም አላለም። የልብ መደንደን በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ የሚያለሰልሰውም በየቀኑ መሥራት አለበት።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ የምናነበውን ወንጌል እስቲ በዚህ ዓይን እንየው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ ከመዳኛው ሩቅ አልነበረም። ውኃው ሲናወጥ ይሰማል፤ ሌሎች ገብተው ሲወጡ ያያል፤ የሥርዓቱን ሂደት ከማንም በላይ ያውቃል። ጌታችን ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው፣ የመለሰው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። በየደብሩ ቅጽር እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። በየዓመቱ ታቦት ያነግሣል፣ ሻማና ጧፍ ያስገባል፣ ለሕንፃው ያዋጣል፤ የመዝሙሩን ዜማ ከመዘምራኑ ቀድሞ ይጀምረዋል። ወደ ውኃው ግን አልገባም፤ “ና፣ አብረን እንግባ” ያለውም የለም። ሁላችንም ከውኃው አጠገብ በማየታችን የዳነ መስሎን ነበር።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በቅዱስ ቁርባን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቀው በዚያው ዕለት ሥጋውን ደሙን ይቀበላሉ። እናት ልጇን አዝላ፣ ከዚያም እጁን ይዛ ታቆርባለች። ልጁ ጎርመስ ሲል ይቆማል። የሚመለሰው ወይ በተክሊል ሲያገባ ነው፣ ወይ ሸምግሎ ምርኩዝ ሲይዝ። በመካከሉ ያለው ዘመን፣ ሰው የሚሠራበት፣ የሚፈተንበት፣ የሚወድበትና የሚጠላበት ዘመን ሁሉ ያለ ቁርባን ያልፋል። ሲጠየቅ “አባቴ፣ አልበቃሁም” ይላል። ቃሉ የትሕትና ቃል ስለሆነ መከራከር ይከብዳል። ነገር ግን በቅቶ የሚቀርብ ማን አለ? ሐኪም ቤት ለመሄድ መጀመሪያ ልዳን የሚል በሽተኛ ቢኖር ዘመዶቹ ዝም አይሉትም ነበር። “አልበቃሁም” የሚለው ቃል ሰውየውን ወደ ንስሐ ካመጣው እውነተኛ ትሕትና ነው። ከንስሐም ከቁርባንም አርቆ ዓመታት ካስቀመጠው ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር እንደሚል አለማመን ነው፤ ስሙን ቀይሮ የገባ አለማመን። ለዚህም ነው በዚህ ላይ አጥብቄ የምጠይቀው።

ጥርጥርን ከዚህ ለይቼ አየዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥቶ ስለ ፍጥረት፣ ስለ ሥነ ሕይወት፣ ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች አፋጥጦ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ የሚጠይቅ ሰው ገና እየተነጋገረ ነውና። ሁሉንም መመለስ ባልችል ወደሚያውቁት መምህራን እወስደዋለሁ እንጂ “ዝም ብለህ እመን” ብዬ አልሰድደውም። የዳግም ትንሣኤ ዕለት የምናስበው ቶማስ ትልቅ ትምህርት አለው። ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ በተገለጠበት ምሽት ቶማስ ከእነርሱ ጋር አልነበረም፤ ዮሐንስ ይህን ለይቶ ጽፎታል። ጥርጥሩን ግን ይዞት አልጠፋም፤ ለወንድሞቹ በግልጽ ነገራቸው። እነርሱም “ተጠራጣሪ” ብለው አላባረሩትም። ከስምንት ቀን በኋላ በሩ ተዘግቶ ተሰብስበው ሳሉ እርሱም በመካከላቸው ነበር፤ የዳነውም እዚያው ነው። ቶማስ ያን ሳምንት ብቻውን በሌላ ሰፈር ቢያሳልፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ስለዚህ ወላጆችን የምለምነው፣ ልጃችሁ በጥያቄ ሲመጣ አትደንግጡ፤ ጥያቄ ማምጣት ሲያቆም ደንግጡ።

በእኛ ዘመን መራቅን የሚሸፍን አንድ አዲስ ነገር መጥቷል፤ ቅንዓት የሚመስል ጠብ ነው። ሰውየው ስልኩን ከፍቶ በቲክቶክና በዩቲዩብ ስለ ሃይማኖት ሲሟገት ያመሻል። ማን መናፍቅ እንደሆነ፣ የትኛው ሰባኪ ምን እንዳጠፋ፣ የትኛው ጳጳስ ምን እንዳለ በዝርዝር ያውቃል። ስልኩን ሲያስቀምጥ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ሳይደግም ይተኛል። በ2015 ዓ.ም. በነነዌ ጾም ቅዱስ ሲኖዶስ ባወጀው ጸሎትና ምሕላ ምእመናን ጥቁር ለብሰው አብያተ ክርስቲያናትን ሲሞሉ ያየን ሁሉ አንረሳውም። ከዓመታት በኋላ ደጁን የረገጡ ብዙዎች ነበሩ፤ ያ መልካም ነው፤ ብዙዎችም በዚያው ቀሩ። ግን ለቤተ ክርስቲያን መቆርቆርና በእግዚአብሔር ማመን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ሰው ለአባቱ ቤት እየተቆረቆረ አባቱን ሳያነጋግር ሊኖር ይችላል። ጥቁሩ ልብስ ከወለቀ በኋላ ማን እንደቀረ መከታተል የነበረብን እኛ ካህናቱና ጎረቤቶቻቸው ነን።

የደከመ ሁሉ ግን ራቀ ማለት እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል። ልጇን በጦርነት ያጣች እናት “አልጸልይም፤ ማንን ነው የምለምነው?” ብትል ይህ ክህደት አይባልም። መዝሙረ ዳዊት ራሱ እንዲህ ባለ ጩኸት የተሞላ ነው። ከእንዲህ ያለች እናት ጋር መቀመጥ ነው የሚሻለው፤ መጽሐፍ ጠቅሶ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ቁስሉን ይነካል። ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ አስቀድሞ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነው፤ በልቶም ደግሞ ተኛ። ዘለፋ አልቀደመም። እንቅልፍ የራቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያቃተው፣ ለሳምንታት ከአልጋው መነሣት የተሳነው ሰው ሲመጣ ጸሎት አደርግለታለሁ፤ ሐኪም እንዲያየውም እልካለሁ። ጸበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ናቸው። ሕመምን ኃጢአት ብሎ መፍረድ ሰውን ከሁለቱም ያርቃል።

ሰውን ከደጀ ሰላም ከሚያርቁት ነገሮች ሁሉ በብዛት የማየው ግን ቂም ነው። ወንድማማቾች በውርስ ቤት ተጣልተው፣ አማትና ምራት ተኳርፈው፣ የሥራ ባልደረቦች ተካሰው። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ምእመኑን እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ያዝዛል። ቂም የያዘ ሰው እዚያ ላይ ይጨንቀዋል፤ ያኛው ሰው ሁለት ረድፍ አልፎ ቆሟልና። ለጥቂት ጊዜ በሌላ በር ይገባል፤ ከዚያ ሌላ ደብር ይሄዳል፤ ከዚያ ቤቱ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ “ቤተ ክርስቲያን አላሳመነችኝም” ሲል ይሰማል። ሥሩ ግን እምነት ሳይሆን ያ ያልተፈታ የውርስ ነገር ነበር። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅ ከብዙ ስብከት በላይ የሚሠራበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለተመለሰ ሰው ከባድ ቀኖና መጫን አልወድም፤ ብዙ የተሰጠው ብዙውን ይጀምርና በሳምንቱ ሁሉንም ይጥላል። ትንሽና የማይዛነፍ ነገር እሰጣለሁ፦ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ወይም አንድ መዝሙር፣ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ፣ ቆሞ። እሑድ ምንባባቱ ሳይጀመሩ መድረስ። ከሁለቱ ጾሞች በአንዱ መግቢያ ላይ፣ ወይ በዐቢይ ጾም ወይ በፍልሰታ፣ ንስሐ ለመግባት ቀን መቁረጥ። አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ አንድ ሰው መምረጥ። ያ ሰው በየሳምንቱ “ጸለይህ?” ብሎ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሚስት ልትሆን ትችላለች፤ ጓደኛ ወይም የክርስትና አባት ሊሆን ይችላል። የተጠየቀው ሰው ውሸት መናገር ሲከብደው አየሁ፤ መጸለይ ይቀለዋል።

አባቶቻችን ይህን ሥርዓት አድርገው ሰጥተውን ነበር። ጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱሱ ስም ሲሰበሰብ ጠላውና ዳቦው መሰብሰቢያ ነው፤ ዋናው ሥራ የቀረውን መጠየቅ፣ የታመመውን መጎብኘት፣ የተጣላውን ማስታረቅ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ድግሱ ደርጅቶ ጥያቄው ሟሽሿል። የቀረ አባል መዋጮውን በስልክ ከላከ ማንም አይፈልገውም። ማኅበር ያላችሁ ሁሉ በቀጣዩ ወር ከድግሱ በፊት የቀረውን የመጠየቁን ሥራ ብትመልሱ፣ ከብዙ ጉባኤ የሚበልጥ ሥራ ሠራችሁ።

ከባሕር ማዶ ያሉት በዚህ ያስተምሩናል። በሳውዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ደጅ መሳለም ቀርቶ ደወል እንኳ አይሰሙም። ቢሆንም ሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በስልክ ተጠራርተው አብረው የሚጸልዩ አሉ፤ ጾም የሚገባበትን ቀን እርስ በርስ ያስታውሳሉ፤ አንዷ ከጠፋች ሌላዋ ትፈልጋታለች። ከደወሉ ሥር የሚኖረው የከተማ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ እነርሱ ደወል በሌለበት ይነቃሉ። ልዩነቱ የሚጠያየቁ መሆናቸው ነው።

ስለ እኛ ስለ አገልጋዮቹም አንድ ቃል ልበል። ቅዱስ ነገር በየቀኑ የሚይዝ እጅ ሊለምደው ይችላል፤ መለመድ ደግሞ ከመናቅ ብዙም አይርቅም። ዴማስ ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር አብሮ ያገለግል ነበር። በፊልሞና መልእክት ከአብረው ሠራተኞቹ አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል፤ በቆላስይስ መልእክት ስሙ ብቻ ተጠርቷል፤ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ይህን ዓለም ወድዶ ወደ ተሰሎንቄ መሄዱን እናነባለን። ከሐዋርያ አጠገብ ማገልገል እንኳ ብቻውን አልጠበቀውም። ስለዚህ ካህንም የንስሐ አባት አለው፤ ሊኖረውም ግድ ነው። የንስሐ አባት የሌለው ካህን ለሌላው የንስሐ አባት ልሁን ቢል አትቀበሉት።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ራሳችሁን የዚህ ዓይነት ሰው ሆናችሁ ካገኛችሁት ትልቅ ውሳኔ አትጠብቁ፤ ለንስሐ አባታችሁ ዛሬ ደውሉና ስለ በዓል ሳይሆን ስለ ነፍሳችሁ ቀጠሮ ያዙ። የንስሐ አባት ከሌላችሁ አጥቢያችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከጠፋ ወዳጃችሁ አንዱ ደግሞ በዐሳባችሁ ከመጣ፣ “ምን አገባኝ” አትበሉ። ያገባችኋል። ሂዱና ጠይቁት።